አንድ አጉርሺ፣ አንድ ዝለዪ

ቨርል ሃስኬት አጥር ሠሪ ነው። ከኤክለር ከተማ ወጥቶ በሞንታና ሜዳ ወደ ወንዙ የሚነዳ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው እሾሃማ ሽቦ፣ አብዛኛው የእሱና የልጁ የሮይስ እጅ ሥራ ነው። ችካሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሽቦውም በጣት ሲመታ የሚዘፍን ከሆነ፣ ሰዉ «የሃስኬቶች ነው» ብሎ ያልፋል። ከዚህ ሌላ ስለ ቨርል የሚወራ ብዙ ነገር አልነበረም። ከብት አርቢዎቹ ይደውሉለታል፤ ይመጣል፤ ይቆፍራል፤ ይወጥራል፤ ይሄዳል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ቀኝ እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ ምክንያቱንም ለጠየቀው ሁሉ እየሳቀ ይነግራል።

የሚወራበት ነገር የተገኘው ሮይስ የሞተ ቀን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ መንገዱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ በረዶ ተጋግሯል። የፖሊስ ሹሙ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ፣ ቨርል ሽቦ በመወጠሪያው ስቦ ችካሉ ላይ ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር። ሹሙ የሮይስ መኪና ተገልብጣ እሱም እዚያው እንደሞተ ነገረው። ቨርል ሰማ። «ይቺን ልሰር» አለ። አሰረ። መወጠሪያውን አላላ፣ መቆንጠጫውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ፣ ከዚያ ከሹሙ ጋር ሄደ።

አጥር የሚያውቁ ሰዎች «ምን ያድርግ? የተወጠረ ሽቦ ከለቀቁት ዓይን ያወጣል» አሉ። ሌሎቹ «ድንጋይ ነው» አሉ። ቨርል ራሱ የትኞቹ ልክ እንደሆኑ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይበላል፣ ግን የበላውን ቢጠይቁት አያስታውስም። ይሠራል። ይተኛል። እንቅልፍ እንኳ አለማጣቱ አንዳንዴ ይገርመው ነበር፤ መገረሙም ብዙ አይቆይም።

የሮይስ ልጅ ዴላ አሥራ ሁለት ዓመት ልትደፍን ስትቃረብ፣ የሮይስ ሚስት ማርላ ቨርልን እራት ጠራችው። የተጠበሰ ሥጋና ድንች አቀረበችለት፤ እሷ ራሷ ግን ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ የልደቷ ቀን ደረሰ።»

«አውቃለሁ።»

«የሮይስን ነው የምትፈልገው። ሌላ አልነካም ብላለች።»

በሃስኬቶች ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ከአባቱ እጅ የመጀመሪያ ሽጉጡን ይቀበላል፤ ትንሽ ጥይት የምትጎርስ፣ ባለ ሃያ ሁለት ሪቮልቨር። ቨርል ከአባቱ ተቀብሏል፤ ለሮይስ ሰጥቷል። ዴላ የምትቀበልበት እጅ ግን የለም። የሮይስ ሽጉጥ ቨርል ቤት፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

«የድሮ ዕቃ ነው» አለ ቨርል። «ለጀማሪ አይሆንም።»

«እኔ ስለ ሽጉጥ አላውቅም። ይስጧት ወይ አይስጧት፣ ግን እርስዎ ይወስኑ። እኔ የሱን ካልሲዎች የት እንደማደርግ እንኳ መወሰን አቅቶኛል።»

ዴላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቀጭን ናት፤ አገጯ የአባቷ ነው።

«ስለኔ ነው የምታወሩት?»

«ስለ ድንቹ ነው» አለ ቨርል።

«ድንቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ማለት ነው» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የሮይስ ሽጉጥ ክፋት የለውም። ግን ከድሮዎቹ ነው። ከኋላው በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳብ መምቻ አለው፤ መምቻው ሲያርፍ አፍንጫው በቀጥታ የጥይቷ ቂጥ ላይ ነው የሚያርፍ። ከላይ አንድ ነገር ቢወድቅበት ማንም ምላጩን ሳይነካ ይተኩሳል። ቨርል ጎረምሳ ሳለ እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ስድስቱንም ቀዳዳ አጉርሶ፣ ወገቡ ላይ ታጥቆ ፈረሱን ሊጭን ሄደ። የኮርቻውን ጠፍር ለማጥበቅ እርካቡን አንስቶ ከኮርቻው ፊት በወጣው ቀንድ ላይ ሰቀለው፤ በዚያ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርግ። እርካቡ ተንሸራቶ ወረደና የመምቻውን ጀርባ መታው። ጥይቷ በባቱ ገብታ በጫማው ወጣች። ፈረሱ ጎረቤት ድረስ ሄዶ ነው የቆመው። ቨርል ይህን ሲያወራ፣ ፈረሱ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር።

ስለዚህ ስድስት ጎራሹ አምስት ብቻ ይጎርሳል። ደንቡን ልጆች እንደ ጨዋታ ዘፈን ይማሩታል። አንድ አጉርስ፣ አንድ ዝለል፣ አራት አጉርስ፤ ከዚያ መምቻውን እስከ መጨረሻው ሳብና ቀስ ብለህ አውርደው። የዘለልከው ባዶ ቀዳዳ መጥቶ ልክ ከመምቻው ሥር ይቀመጣል። ሮይስ ይህን ለዴላ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በባዶ ቀለህ አስተምሯታል። እውነተኛ ጥይት የማጉረሻው ጊዜ ሳይደርስ ሄደ።

ሌላም ነገር አለ። የድሮው ሽጉጥ መምቻው ሲሳብ አራት ጊዜ ይጮኻል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሮይስ ማታ ማታ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ከወለወለ በኋላ መምቻውን ቀስ አድርጎ ይስበው ነበር። ዴላ ገና ስትድህ ያን ስትሰማ ከየትም ትመጣለች። «ይናገራል» ትል ነበር አፍ ስትፈታ። ሮይስ ድምፁን የቀዳበት ቴፕ የለም፤ ስልኩም አብሮት ተሰባብሯል። ለልጅቷ የቀራት የአባቷ ድምፅ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ቨርል ወደ ትዋይላ ሱቅ ወሰዳት። ሱቁ ከፊት የከብት ጨውና ምስማር፣ ከኋላ ጠመንጃ ይሸጣል። ትዋይላ ሮይስን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«መጣህ፣ ቨርል። ችካል አለቀብህ?»

«ልጅቷ ናት ያመጣችኝ።»

«እኔ አላመጣሁትም» አለች ዴላ። «እሱ ነው ያመጣኝ።»

«ሁለታችሁም ተጠልፋችሁ ነው የመጣችሁት እንግዲህ። ደግ ነው፤ የተጠለፈ ሰው ብዙ አይከራከርም።»

ትዋይላ መጀመሪያ ያወጣችው አጭርና ቀላል ሽጉጥ ነበር፤ መዳፍ ውስጥ ይጠፋል።

«ለልጅ ሲሆን ሁሉም ይቺን ነው የሚያነሳው። ትንሽ ለትንሽ ብሎ።»

«አጭር ናት» አለ ቨርል። «አፈሙዙ ካጠረ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ይቀራረባል። እጇ ትንሽ ከተነቃነቀ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው የሚሄድ። መሳቷን ታያለች፣ ለምን እንደሳተች ግን አታውቅም። ቅለቷም ጥሩ አይደለም። ትንሽ ክብደት ሲኖር ነው እጅ የሚረጋ።»

«እኔ ነኝ የምሸጠው ወይስ አንተ?»

ሁለተኛው ምላጩን ብቻ በመሳብ የሚተኩስ ነበር። ትዋይላ ባዶነቱን አይታ፣ ለዴላም አሳይታ አቀበለቻት። ዴላ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አድርጋ ሳበች። ምላጩ እንቢ አለ። ሁለተኛ ጣቷን ጨመረች፤ ሽጉጡ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

«ጥርስ መንቀል ነው እንዴ ይሄ?»

«ለትልቅ ሰው ነው» አለች ትዋይላ። «ለተናደደ ትልቅ ሰው። ቆዪ፣ ይኸኛውን ያዢው።»

ሦስተኛው ልክ ነበር። መያዣው ቀጭን፣ አፈሙዙ መካከለኛ፣ ክብደቱ ለእጇ የሚበቃ። በየተኩሱ መምቻውን በአውራ ጣት መሳብ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ጀማሪን ከችኮላ ይጠብቃል። ከውስጡ፣ በመምቻውና በጥይቷ መሃል፣ የብረት ምላስ አለ፤ ምላጩ እስከ መጨረሻው ካልተሳበ ምላሱ አይነሳም፣ መምቻውም ጥይቷ ጋ አይደርስም።

«ስድስቱንም አጉርሰሽ በድንጋይ ብትመቺው አይተኩስም» አለች ትዋይላ። «በድንጋይ ግን አትምቺው፤ ቀለሙ ይላጥብኛል።»

ዴላ መምቻውን ሳበች። ቀጭ። ቀጭ። ቆመ። ሌላ የሚመጣ መስሏት ጠበቀች።

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይሄ አይናገርም።»

ትዋይላ ገባት። ቨርልን አየችው። ቨርል የጨው ከረጢቶቹን ያያል።

«የአባትሽንም እኮ ለፋብሪካው ቢልኩት ይቺኑ ምላስ ያስገቡለታል» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ ሰው እያስደረገ ነው።»

«ድምፁስ?»

«እሱማ ይሄዳል፣ የኔ ልጅ። አንጀቱን ነው የሚቀይሩት።»

«አይላክም። እኔ አምስት አጎርሳለሁ፤ አባዬ እንዳስተማረኝ።»

ቨርል ትዋይላን ሦስተኛውን ለጥቂት ቀን እንድታቆይለት ለመናትና ወጡ። መኪናው ውስጥ ዴላ እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰበሰበች።

«አንተም ዕድሜህን ሙሉ በዚያ ዓይነት ነው የተኮስከው።»

«እግሬንም ጭምር።»

«ያኔ ስድስት ስላጎረስክ ነው። እኔ አምስት ነኝ።»

የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው። ለሮይስም ያኔ ያንኑ ነው የሰጠው፣ ሮይስም አንድ ቀን አልተሳሳተበትም።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ በአባትሽ ትተኩሻለሽ» አለ። «ከያዝሽው ያንቺ ነው።»

«እውነት?»

«ብያለሁ።»

ከቤቱ በስተጀርባ ጎርፍ የቦረቦረው ደረቅ ሸለቆ አለ፤ ጥይት የሚውጥ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ ያለው። ቨርል ጣሳዎቹን ከግድግዳው ሥር ደረደረ፤ ከዚህኛው ወገን ሁለት ጉቶ ላይ ሳንቃ አጋድሞ ጥይቱን አስቀመጠ። ሁለቱም የጆሮ መሸፈኛና መነጽር አደረጉ። ዴላ የአባቷን ሽጉጥ አነሳች። ከብዷታል፣ ግን አልተናገረችም።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየዋል። አንድ አጉርሺ፣ አንድ ዝለዪ። አራት አጎረሰች፣ መምቻውን ሳበች፣ በአውራ ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ አወረደችው። ከዚያ ተኮሰች። አፈሙዙ በየተኩሱ ትንሽ ይወርዳል፤ ግን ጣሳ መታች። ቀለሁን ሁሉ አራገፈች፣ እንደገና አጎረሰች። ጣቷ ከምላጩ ውጭ ነው፣ አፈሙዙ ወደ አፈሩ ነው፣ ምንም አልረሳችም። ቨርል ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ ቆሞ፣ «ያንቺ ነው» የምትለዋን ቃል አዘጋጀ።

በሦስተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ተኩሳ ቆመች። አንዱ ጣሳ ተንከባሎ ከድንጋይ ጀርባ ገብቷል። የተተኮሱትን ሁለት ቀለሆች አወጣች፣ በቦታቸው ሁለት አዲስ ጥይት አስገባች፣ መምቻውን ሳበች፣ ቀስ ብላ አወረደች። ሽጉጡን ሳንቃው ላይ፣ አፈሙዙን ወደ ጣሳዎቹ አድርጋ አስቀመጠች።

«ጣሳዋን ላንሳት፤ አምስት ነው» አለችና ሳንቃውን ዞራ ወደ ፊት ሄደች።

አምስት ነው። በዚያ አገር ሰው ሽጉጡን ቤት ሲያስገባ፣ ለሌላ ሲያቀብል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖር የሚላት ቃል ናት። እንደ ሰላምታ ስለለመዷት ማንም አይቆጥርም።

ቨርል ሽጉጡን አየ። ተሽከርካሪው ጎራሽ ከኋላው በኩል የጥይቶቹን ጠርዝ በጎን ያሳያል። በግራ በኩል አንዱ ቀዳዳ ባዶ ነው። ባዶው እዚያ ከሆነ ከመምቻው ሥር ያለው ባዶ አይደለም። ሳንቃው ጉቶው ላይ በደንብ አልተቀመጠም፤ ስታልፍ ስለነካችው ይወዛወዛል። ዴላ ከአፈሙዙ ፊት ለፊት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች።

ሽጉጡን አንስቶ አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገ። ከዚያ «ቁሚ» አላት። ጆሮዋ ተሸፍኖ ስለነበር ድጋሚ አላት። ተመልሳ መጣች።

«ባዶው የት ነው?» ብሎ አሳያት።

አየች። ጣቷን ወደ ጎን ቀሰረችና እዚያው ቀረች።

«አምስት እኮ ነው።»

«አምስት ነው። ግን ቦታው ሌላ ነው። ዘፈኑ ከባዶ ለሚጀምር ነው። መሃል ላይ ስትሞዪ ባዶው ይዞራል።»

«አባዬ ስለ መሃል አልነገረኝም።»

«አልነገረሽም። ሁላችንም ተኩሰን ሳንጨርስ አንሞላም። ለምን እንደሆነ ግን ማንም ሲናገር አልሰማሁም፤ እንዲሁ ነው የምናደርገው።»

«አሁን አውቄያለሁ። ሁለተኛ አልሳሳትም።»

እንደማትሳሳት አመናት። በዚህኛው አትሳሳትም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ልቡን ጠበቀ፤ አሁን ይመታል፣ አሁን ጉልበቴ ይከዳኛል ብሎ። ልቡ ውሃ ሲጠጣ እንደሚመታው ነበር የሚመታው። እጁም አልተንቀጠቀጠም። ያየው በዓይኑ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ዓይኑ ወደ ሌላ ቢያይ፣ ከውስጥ የሚጎትተው ነገር የለም። ልጅቷን የሚጠብቅ ሰው አድርጎ ራሱን ከኋላዋ አቁሞ ነበር፤ የቆመው ግን ችካል ነው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ነገራት።

«የአባትሽን አልሰጥሽም።»

«ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ዋሽተሃል።»

«አዎ።»

ዴላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ሳትጮህ፣ በቀስታ፣ «አንተ ምንም አይሰማህም» አለች። «ሰዉ ሁሉ ያወራል። ሲነግሩህ ሽቦ እያሰርክ ነበር።»

«እያሰርኩ ነበር» አለ ቨርል፤ መንዳቱንም ቀጠለ።

ሰኞ ትዋይላ ሱቅ ሄዶ ሦስተኛውን ወሰደ። በልደቷ ቀን ማርላ ኬክ ቆረሰች። ዴላ ሳጥኑን ከፍታ አየች፤ «አመሰግናለሁ» አለች፤ መልሳ ዘጋችው። ሽጉጡ ወደ ቨርል ቁም ሣጥን ተመልሶ ከአባቷ ሽጉጥ አጠገብ ተቀመጠ። ማርላ መኪናው ድረስ ሸኘችው።

«ይበርድላታል» አለችው።

«ካልበረደላትም ይሁን» አለ።

በጋው ገባ። ቨርል ከወንዙ ማዶ ረጅም አጥር ተቀብሎ ብቻውን ይሠራ ነበር። ዴላ እሱ ቤት አትመጣም፤ እናቷ ምግብ አስይዛ ስትልካት ደጁ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። አንድ እሑድ ግን ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በሩን አንኳኳች።

«ተኩሼ ልየው» አለች። የትኛውን እንደሆነ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም። አዲሱን አወጣ።

ስድስቱንም አጎረሰች፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ተኮሰች። አራግፋ፣ አጉርሳ፣ ደገመች።

«ግራ ይመታል።»

«አንቺ ነሽ። ምላጩን በጣትሽ መገጣጠሚያ እየሳብሽ ነው፤ ጫፉ ይበቃል።»

«በጫፉ ነው የሳብኩት።»

«በመገጣጠሚያው ነው።»

«ራስህ ሞክረው እስቲ።»

ወስዶ ሞከረ። አፈሩ ከጣሳው ግራ ጨሰ። ደገመ፤ ያው ነው።

«ይመታል» አለ።

«ብዬ ነበር።»

ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ሳንቃው ላይ አስቀመጠና በትንሿ ካቻቢቴ የኋላውን ማነጣጠሪያ ያዞር ጀመር። ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ ካቻቢቴዋ ደጋግማ ትንሸራተታለች። ዴላ አጠገቡ መጥታ ሽጉጡን በሁለት እጇ ያዘችለት።

«አባባ፣ ያን ቀን ፈርተህ ነበር?»

ፈርቼ ነበር ሊላት ይችል ነበር።

«አልፈራሁም» አለ።

«ለምን?»

«አላውቅም። መፍራት ነበረብኝ፤ አልመጣም።»

«ለዚህ ነው የከለከልከኝ?»

«ለዚህ ነው።»

ካቻቢቴዋ ሌላ ሩብ ዙር ዞረች። ዴላ ሽጉጡን አላላላችውም።

«እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እያየሁት እፈራለሁ» አለች። «ጀርባዬ ላይ።»

«እንግዲያው አንቺ ትፈሪልን።»

ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ሳቅ አልሆነም። ጆሮዋን ሸፈነች፣ የእሱንም መሸፈኛ ከአንገቱ አንስታ ጆሮው ላይ አደረገችለት። አጎረሰች። የመጀመሪያው ጥይት ቀኝ ወጣ፤ አብዝቶ አዙሮት ነበር። ወደ እሱ ዞር ብላ በእጇ «ትንሽ መልሰው» አለችው፤ ቨርልም ካቻቢቴዋን ከኪሱ ፈለገ።